ያለ ቄስ ጾም መግባቱን በምን አወቁ? የአንባቢዎቻችን ጥያቄና መልስ

ባለፈው እትም ገጽ መሙያ ብለን አንድ አጭር ነገር አስገብተን ነበር። ጃፓን ናጋሳኪ አካባቢ ባሉ ደሴቶች ክርስትናቸውን ከመንግስት ደብቀው ሁለት መቶ ምናምን ዓመት የኖሩ ገበሬዎችና አሳ አጥማጆች ነበሩ የምትል፣ አስር መስመር እንኳን የማትሞላ። እውነት ለመናገር ማንም ያነባታል ብዬ አልጠበኩም። ቴሌግራማችን በጥያቄ ተጨናነቀ። ስለዚ የዛሬውን አምድ እንዳለ ለሱ ሰጠነው፣ የቤት ኪራይና የትዳር ጥያቄ የላካችሁ ለሚቀጥለው ታገሱን። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ (ከአራት ኪሎ)፦ ሰላም ለናንተ ይሁን። የሰንበት ትምህርት ቤት ተማሪ ነኝ። ጽሁፋችሁ ላይ ቄስ አልነበራቸውም ትላላችሁ። ቄስ ከሌለ ማን ያጠምቃል? ቅዳሴ የለ፣ ቁርባን የለ። ከሁሉ በላይ ያልገባኝ ደሞ ጾም መቼ እንደሚገባ በምን ያውቃሉ? እኛ ባሕረ ሐሳብ የሚያወጡ ሊቃውንት እያሉልን እንኳን ግድግዳ ላይ ካላንደር ካልተሰቀለ ግራ ይገባናል። ትንሽ አላጋነናችሁትም?

መልስ፦ ወንድሜ አልፈርድብህም፣ እኔም መጀመሪያ ሳነበው እንደዛው ነው ያልኩት። ከመነሻው ልጀምርልህ። ፍራንሲስ ዣቪየር የሚባለው የኢየሱሳውያን (የካቶሊክ መነኮሳት ማህበር ነው) ሚሽነሪ ጃፓን ካጎሺማ የገባው በ1549 ነው፣ ከዛ በኋላ ኪዩሹ በሚባለው በደቡቡ ክፍል ነገሩ እንደ ሰደድ እሳት ተያያዘ፣ መሳፍንት ሳይቀሩ ተጠመቁ፣ ኦሙራ ሱሚታዳ በ1563 የመጀመሪያው ክርስቲያን መስፍን ሆነ። ብዙም ሳይቆይ ግን ፊት ዞረባቸው። በ1597 ናጋሳኪ ላይ 26 ሰው ተሰቀለ፣ በ1614 ክርስትና ባገሩ ሁሉ ታገደ፣ ከ1637 እስከ 1638 ደሞ የሺማባራና የአማኩሳ ገበሬ በግብሩም በሃይማኖቱም ተማርሮ ተነሳና ሃራ የሚባለው ምሽግ ውስጥ ከነልጆቹ አለቀ። አገር ውስጥ ተደብቆ የቀረው የመጨረሻው ቄስ ኮኒሺ ማንሾ በ1644 ተገደለ። እንግዲህ ከዛ ጀምረህ ቁጠር።

መንግስትም ዝም ብሎ አልተቀመጠም። እያንዳንዱ ቤተሰብ አንድ የቡድሃ ቤተ መቅደስ ሄዶ እንዲመዘገብ ተደረገ፣ በቃ የቀበሌ ፋይል በለው፣ ስትወለድም ስትሞትም መነኩሴው ያውቃል። አምስት አምስት ቤት ደሞ እርስ በርሱ ዋስ ነው፣ አንዱ ክርስቲያን ሆኖ ከተገኘ ጎረቤቱም አይቀርለትም። ለጠቆመ ብር ይሸለማል የሚል ሰሌዳ መንገድ ዳር ይተከል ነበር።

ታዲያ ምን አደረጉ መሰለህ፣ የቄሱን ስራ በታትነው ለየቤቱ አከፋፈሉት። ሶቶሜና ጎቶ በሚባሉት አካባቢዎች አንዱ ቾካታ ነው፣ የቀን መቁጠሪያውን የሚይዝ። ሌላው ሚዙካታ ነው፣ ሚዙ ውሃ ማለት ነው፣ እሱ ያጠምቃል። ሌላው ኪኪያኩ ነው፣ የቾካታውን ቃል ለየቤቱ ያደርሳል። ሁሉም ቀን ቀን መሬቱን የሚቆፍር፣ መረቡን የሚጥል ሰው ነው፣ ካባ የለው ጥምጥም የለው፣ ሰላይ ቢመጣ ማንን ይይዛል? ቄስ ሲገደል ሌላ ቄስ የሚመጣው ከባህር ማዶ ነው፣ ባህሩ ደሞ ተዘግቷል፣ የነዚህ ስራ ግን አባት ሲሞት ለልጅ ወይ ለጎረቤት ይተላለፋል። ጥምቀት በካቶሊክ ስርዓት የግድ ሲሆን ምእመንም ማጥመቅ ስለሚችል እሱ ተረፈላቸው። ቁርባኑ ቀረ። እሱን ማስመሰል አይቻልም።

አሁን ጾሙ። ባስቲያን የሚባል ጃፓናዊ ሰባኪ ነበር ይላሉ፣ የ1634ን የበዓላት ካላንደር በጃፓኖቹ የጨረቃ አቆጣጠር አስቀምጦላቸው ያለፈ። ቾካታው እሱን ይዞ በየዓመቱ ያሰላል፣ የዐቢይ ጾምን መጀመሪያ "የሀዘን መግቢያ" ይሉታል፣ ዛሬ እርሻ አይነካም ዛሬ መርፌ አይያዝም ብሎ ያስነግራል፣ ያው የኛ እናቶች ዛሬ ሚካኤል ነው ልብስ አይታጠብም እንደሚሉት ማለት ነው። ባስቲያን ትንቢትም ተናግሯል ይባላል፣ እስከ ሰባት ትውልድ ድረስ ልጆቼ ናችሁ፣ ከዛ በኋላ ንስሐ የሚቀበሉ አባቶች በትልቅ ጥቁር መርከብ ይመጣሉ ብሎ።

አሁን ደሞ ማስረጃውን ስማ። ጃፓን በሯን ስትከፍት ናጋሳኪ ለሚኖሩ የውጭ ሰዎች ተብሎ ኦዉራ የሚባል ቤተ ክርስቲያን ተሰራ፣ ቄሶቹ ፈረንሳዮች ናቸው። ማርች 17 ቀን 1865 ኡራካሚ ከሚባል መንደር አስራ ምናምን ሰዎች ቤተ ክርስቲያን ሊጎበኙ የመጡ መስለው ገቡ። አንዲት ሴት ወደ ቄሱ ወደ በርናር ፕቲዣን ጠጋ ብላ የሁላችንም ልብ ካንተ ልብ ጋር አንድ ነው አለችው፣ የሳንታ ማሪያ ምስል የት ነው ብላም ጠየቀች። ምስሏ ጋ ወሰዳቸው። እዛው ቆመው ሲያወሩ ታዲያ አሁን የሀዘኑ ወቅት አስራ ሰባተኛ ቀን ላይ ነን፣ እናንተም ታከብሩታላችሁ ወይ አሉት። የዛን ዓመት የካቶሊክ ዐቢይ ጾም የገባው ማርች 1 ነበር። እስኪ በጣትህ ቁጠር። አስራ ሰባት! ያለ ቄስ፣ ያለ ጳጳስ፣ ከ200 ዓመት በላይ፣ አንድ ቀን እንኳን ሳይስቱ። እኔ እዚህ ጋ ስደርስ ማኪያቶዬ ቀዝቅዞ ነበር።

ጥያቄ (ከሜክሲኮ አደባባይ አካባቢ)፦ ግልጹን ልናገርና፣ የማርያምን ስዕል ረግጠው ወደ ቤታቸው የገቡ ሰዎች ምናቸው ይደነቃል? የኛ አባቶች አንገታቸውን ሰጡ እንጂ አልረገጡም። ይሄ እኮ መካድ ነው በቃ።

መልስ፦ ወንድም ቁጣህ ይገባኛል። ለማያውቀው አንባቢ፣ ነገሩ ፉሚዬ ይባላል፣ የክርስቶስ ወይ የማርያም ምስል ያለበት ጠፍጣፋ ነገር መሬት ላይ ይቀመጣል፣ ናጋሳኪ ላይ በየአዲስ ዓመቱ ህዝቡ በየተራ እየመጣ ይረግጣል፣ ህፃን ሽማግሌ አይቀርም። እምቢ ያለ ይታሰራል፣ ይሰቃያል፣ ይሞታል። እና አዎ፣ አብዛኞቹ ረግጠዋል። ባይረግጡ ኖሮ እኔና አንተ ስለነሱ ባልተከራከርን።

ግን ረግጠው ሲገቡ ምን ያደርጉ እንደነበር ስማ። ኮንቺሪሳን የሚሉት ጸሎት አላቸው፣ ቃሉ ከፖርቱጋልኛ የመጣ ነው፣ ከልብ መጸጸት እንደማለት። እግዱ ከመምጣቱ በፊት በ1603 ቄስ በሌለበት ሰው ከልቡ ከተጸጸተ ይቅር ይባላል የሚል ትምህርት ተጽፎላቸው ነበር፣ እሱን በቃል ያዙት። ረግጠው ይመጣሉ፣ በር ይዘጋሉ፣ ያንን ይደግማሉ። በየዓመቱ። ሰው ሲሞትባቸው ደሞ መነኩሴው መጥቶ የቡድሃውን ጸሎት ያነባል፣ ግዴታ ነው፣ እነሱ በጓዳ ተቀምጠው የመነኩሴውን ጸሎት የሚሽር ሌላ ጸሎት ይደግማሉ። አስበው እስኪ፣ ባንድ ቤት ውስጥ አንዱ እየጻፈ ሌላው በላጲስ እየደመሰሰ።

ደሞ እኛ አገር ይሄ ነገር የለም አትበለኝ። ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ፣ 1878 ማለት ነው፣ በአጼ ዮሐንስ ዘመን ወሎ ላይ እስላሙ ተጠመቅ ተብሎ በግድ ሲጠመቅ ቀን ክርስቲያን ማታ እስላም ሆነው የኖሩ ሰዎች ነበሩ። እነሱን ከሃዲ ትላቸዋለህ ወይስ ጽኑ? መልስህ ለጃፓኖቹ አንድ ለወሎዎቹ ሌላ ከሆነ እንደገና አስብበት ባይ ነኝ።

አንገት መስጠቱም ቢሆን አልቀረም። ኡራካሚዎቹ ቄስ ካገኙ በኋላ ድብብቆሹ ይብቃን ብለው ሬሳችንን በቡድሃ መነኩሴ አናስቀብርም አሉ። እግዱ ገና አልተነሳም ነበር። 3,400 የሚሆኑት ከመንደራቸው ተነቅለው በጃፓን በየክፍለ ሀገሩ ተበተኑ፣ ከ600 በላይ ሞቱ። ሂሳካ የምትባል የጎቶ ደሴት ላይ ደሞ በ1868 ወደ 200 ሰው 20 ካሬ ሜትር የምታህል ቤት ውስጥ ለ8 ወር ታጎረ፣ ካሬ ሜትሩን ካንተ ሳሎን ጋር አስተያየው፣ 42 ሰው አለቀ። የረጋጮቹ የልጅ ልጆች ናቸው እነዚህ። ክርስትናን የሚከለክለው ሰሌዳ የተነቀለው በ1873 ነው።

ጥያቄ (ከፒያሳ)፦ እናቴ ነፍሷን ይማረውና ውዳሴ ማርያምን ከዳር እስከ ዳር በቃሏ ትወጣው ነበር፣ ፊደል ግን አታውቅም፣ ግዕዙንም አትሰማም። ልጅ ሆኜ ትርጉሙ ምንድነው ስላት "ማርያም ታውቀዋለች" ትለኝ ነበር። የጃፓኖቹ ጸሎት እንዴት ነው? የሚሉት ይገባቸዋል?

መልስ፦ እህቴ፣ እናትሽን ነፍስ ይማር። መልሳቸውን ደሞ ወደድኩት፣ ምክንያቱም የጃፓኖቹም ነገር ከዚሁ ብዙ አይርቅም። ጸሎታቸውን ኦራሾ ይሉታል፣ ኦራሲዮ ከሚለው የላቲን ቃል ነው፣ ጸሎት ማለት። ከፊሉ ጃፓንኛ ነው ከፊሉ ላቲንና ፖርቱጋልኛ፣ አፍ ለአፍ ስንት ትውልድ ሲተላለፍ ድምጹ ተሸራርፎ ደጋሚው ራሱ የማያውቀው ቃል ሆኗል። ሶቶሜና ጎቶ ላይ በለሆሳስ ነው፣ ጎረቤት እንዳይሰማ። ኢኪትሱኪ የምትባለው ደሴት ላይ ግን ድምጽ አውጥተው ይላሉ፣ የሚዜምም አለ። ከሱ አንዱ ጉሩሪዮዛ ይባላል። የሚሉት ሰዎች ትርጉሙን አያውቁትም ነበር። ሚናጋዋ ታትሱኦ የሚባል የሙዚቃ ተመራማሪ ዜማውን ይዞ አውሮፓ ለአውሮፓ ሲያስስ ከርሞ ስፔን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጽሐፍ ላይ አገኘው፣ "ኦ ግሎሪዮዛ ዶሚና" የሚል የማርያም መዝሙር ነው። ግሎሪዮዛ፣ ጉሩሪዮዛ። የአሳ አጥማጅ ጉሮሮ ውስጥ አራት መቶ ዓመት ገደማ ተቀምጦ የቆየ ዜማ።

ታሪኩም እንደዛው ተሸራርፏል። ከፍጥረት እስከ ስቅለት ያለውን በቃል ይተርኩ ነበር፣ በኋላ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በጽሁፍ ሰፍሯል። እዛ ውስጥ ማርያም የሉዞን ልጅ ናት፣ ያሁኗ ፊሊፒንስ ማለት ነው፣ ንጉሱ ካላገባሁሽ ይላታል፣ እሷ እምቢ ትላለች፣ በጠራራ በጋ በረዶ ይዘንባል። ጴንጤናዊ ጲላጦስ ደሞ ሁለት ሰው ሆኖ ቁጭ ብሏል፣ አንዱ ጴንጤ ሌላው ጲላጦስ፣ ሁለቱም የሄሮድስ ሎሌዎች። ይሄን ሳነብ ብቻዬን ሳቅኩ። ግን ምን ያስቃል፣ እኛ ራሳችን ጲላጦስን ሰኔ 25 በስንክሳር ቅዱስ ብለን የምናስብ ነን፣ ሮማዊው ይሄን ቢሰማ እሱም ይስቃል።

ስዕላቸው ደሞ ኪሞኖ የለበሰ መጥምቁ ዮሐንስ ነው፣ ጸጉሩ እንደ ሳሙራይ የተቋጠረ። ጓዳ ውስጥ ስለሚደበቅ "የጓዳ አምላክ" ይሉታል። የሚያጠምቁበትን ውሃ ናካኤኖሺማ ከምትባል ሰው የማይኖርባት ጥቋቁር ድንጋይ ደሴት ነው የሚቀዱት፣ ከ1622 ጀምሮ ክርስቲያኖች የተገደሉባት ናት፣ ከአለት ስንጥቅ ጠብ ጠብ የሚለውን እየጸለዩ ያጠራቅማሉ፣ ስሙንም ሳን ጁዋን ሳማ ይሉታል፣ ውሃውን ራሱን ቅዱስ ዮሐንስ ጌታዬ ብለው ነው የሚጠሩት። ጠበል ያደገበት አገር ሰው ይሄን ማስረዳት አያስፈልገውም።

ጥያቄ (ከስድስት ኪሎ)፦ እነዚህ ኢየሱሳውያን የሚባሉት እኛ አገር በሱስንዮስ ጊዜ የመጡት ናቸው እንዴ?

መልስ፦ ራሳቸው። ማህበሩ አንድ ነው፣ ሁለቱም ጋ በህንድ በጎዋ በኩል ነው የመጡት። ዓመቱ ደሞ ይገርማል፣ በ1622 ሱስንዮስ እዚህ ካቶሊክ መሆኑን በይፋ ሲያውጅ በዛው ዓመት ሴፕቴምበር ላይ ናጋሳኪ 55 ክርስቲያን ባንድ ቀን ተገደለ። እዚህ በ1632 ሱስንዮስ ራሱ አዋጁን ሽሮ ዙፋኑን ለልጁ ለፋሲለደስ ለቀቀ፣ ፋሲለደስም በኋላ አባረራቸው፣ እዛ በ1639 ፖርቱጋሎች ድርሽ እንዳይሉ ተደረገ። ልዩነቱ እኛ ጋ ሲባረሩ ህዝቡ ወደ ቀድሞው ሃይማኖቱ ተመለሰ፣ እዛ ግን ገበሬው ይዞት ቀረ።

ጥያቄ (ከለገሃር)፦ አሁንስ አሉ? ነጻ ከወጡ በኋላ ምን ተደበቁ? ካቶሊክ አይሆኑም ነበር?

መልስ፦ ብዙዎቹ ሆነዋል፣ ቤተ ክርስቲያንም ሰርተዋል፣ ጎቶ ደሴቶች ላይ እያንዳንዱ የባህር ዳር መንደር አንድ አለችው ማለት ይቻላል። ከፊሎቹ ግን አንመለስም አሉ፣ ካኩሬ ኪሪሺታን፣ ድብቅ ክርስቲያን ማለት ነው፣ የሚባሉት በተለይ እነሱ ናቸው፣ ኢኪትሱኪ ላይ ይበዛሉ። እምቢ ያሉት በክህደት አይደለም። አስበው፣ አያትህ ሞት ተፈርዶበት የያዘውን ነገር አዲስ የመጣ ፈረንጅ ቄስ ይሄማ ስህተት ነው፣ እንደገና ተማሩ፣ የቡድሃውን ጣሉ፣ ይልሃል። እነሱ ደሞ በዛ ሁሉ ዘመን ውስጥ ከቤተ መቅደሱም ከቤት ጣኦቱም ጋር ተስማምተው መኖር ለምደዋል፣ ያ ሁሉ አንድ ላይ የአያቶች ነገር ሆኗል። እኔ ትክክል ናቸው አይደሉም የምልበት ስልጣን የለኝም፣ ግን ይገባኛል።

አሁን እያለቁ ነው። የሚገርመው ሰይፍ ያላቆመውን ያቆመው ደመወዝ ነው። ልጆች ከተማ ሄደው ተቀጠሩ፣ ኢኪትሱኪ በ1991 በድልድይ ከጎረቤቷ ከሂራዶ ደሴት ጋር ተገናኘች፣ ኃላፊነቱን የሚረከብ ወጣት ጠፋ፣ ደጋሚው ሲያረጅ ቡድኑ ይፈርሳል፣ የጓዳው አምላክ ወደ ደሴቲቱ ሙዚየም ይሄዳል። ኖዛኪ የምትባለው ደሴት ላይ በ1908 የተሰራ የሸክላ ቤተ ክርስቲያን ቆሟል፣ ሰዎቹ ግን ለቀው ወጥተዋል፣ አጋዘን ነው የሚግጥበት። ዩኔስኮ በ2018 አስራ ሁለት ቦታዎችን አንድ ላይ መዝግቧል፣ ጥሩ ነው፣ ግን ዩኔስኮ የሚመዘግበው ቦታውን ነው፣ ኦራሾ የሚደግም ሰው አይወልድልህም።

ቅርብ ከፈለክ ደሞ ጃፓን ድረስ አትሂድ፣ ዝዋይ ሐይቅ ደሴቶች ላይ ዛይዎች አሉ፣ አባቶቻችን በዮዲት ጊዜ ከአክሱም ታቦቱን ይዘው እዚህ ተደበቁ ብለው በቃል የሚተርኩ፣ የራሳቸው ቋንቋ ያላቸው። ከአዲስ አበባ ደርሶ መልስ ያንድ ቀን መንገድ ነው።

ጥያቄ (ካዛንቺስ ተወልጄ ያደኩ፣ አሁን ኮንዶሚኒየም)፦ ሰፈራችን ስለፈረሰ አያቴን ይዘን ወጥተናል። እሷ ከጣሊያን ጊዜ ጀምሮ የሰማችውን ሁሉ ታወራለች፣ ግን ስልክ አውጥቼ "እማማ እስኪ ታሪክ ንገሪኝ" ስላት "ምን ታሪክ አለኝ ልጄ" ብላ ዝም። ጽሁፋችሁን ሳነብ ነው የደነገጥኩት፣ እንዴት ብዬ ነው የማስቀርላት?

መልስ፦ እህቴ፣ ታሪክ ንገሪኝ አትበያት። ታሪክ ለሳቸው የንጉስ ነው፣ የሳቸው ኑሮ ታሪክ መሆኑን ማንም ነግሯቸው አያውቅም። ዕቃ ይዘሽ ቅረቢ። ከቤቱ ሲወጡ እምቢ ብለው የተሸከሙት ነገር ይኖራል፣ የማህበሩ ጽዋ ይሁን ሙዳይ ይሁን አሮጌ ሰፌድ፣ ይሄ ከየት መጣ በያቸው።

አማኩሳ ውስጥ ሳኪትሱ የምትባል የአሳ አጥማጅ መንደር አለች። በ1805 እዛ አካባቢ ከ5,000 በላይ ድብቅ ክርስቲያን ተያዘ፣ መንግስት ይሄን ሁሉ ገበሬ ገድሎ ማን ሊያርስ ነው ብሎ ይሁን እንጃ፣ ክርስቲያን ሳይሆኑ የተሳሳተ ልማድ የያዙ ናቸው ተብሎ ተለቀቁ። የሚያመልኩበት ዕቃ የባህር ቀንድ አውጣ ዛጎል ነበር፣ ውስጡ የሚያብለጨልጨው መስመር ማርያምን ይመስላል እያሉ። አሁን አንቺ ያንን ዛጎል ሙዚየም ውስጥ ብታዪው ዛጎል ነው። ማርያም የሚሆነው ባለቤቷ አጠገቡ ሆና ስትናገር ብቻ ነው። ስለዚ የዕቃውንና የድምጹን ነገር አታለያዪ፣ ባንድ ቪዲዮ ውስጥ ይሁኑ።

ሌላው፣ አታርሚያቸው። ዓመት ቢያሳስቱ፣ ሁለት ሰው አንድ ቢያደርጉ፣ ዝም ብለሽ ቅጂ። ያ የጃፓኖቹ ተራኪ ጋ አንድ የተማረ ሰው ጎን ቁጭ ብሎ "ኧረ ጲላጦስ አንድ ሰው ነው" እያለ ቢያርመው ኖሮ ዛሬ ያንን ትረካ ማን ያገኘው ነበር? የምታርሚውን በኋላ ለብቻሽ ጽፈሽ ያዢው።

ሰዓቱን ደሞ ምረጪ። ቡና ሲፈላ ጀምሪ፣ ቴሌቪዥኑ ይዘጋ፣ ስልኩ አይሮፕላን ሞድ ላይ ሆኖ ረከቦቱ ጥግ ይቀመጥ፣ ግን መቅረጽሽን አስቀድመሽ ንገሪያቸው፣ በስርቆት አይሆንም። ካንድ ሰዓት በላይ አታድክሚያቸው። አንድ ቀን ደሞ ወረቀትና እርሳስ ስጫቸው፣ የድሮ መንገዳችሁን፣ ከማን ቤት ቀጥሎ የማን ቤት እንደነበር ያሰሩሽ፣ መጻፍ ካልቻሉ እሳቸው እየነገሩሽ አንቺ አስምሪ። ጎረቤት ስም ላይ ሲደርሱ ማን ክርስትና እንዳነሳ፣ ማን ከማን ጋር እንደተኳረፈ፣ ሳትጠይቂ ይመጣል። ይሄን አትቅጂ ካሉሽ አጥፊው።

ወረቀቱን ፎቶ አንስተሽ ብትልኪልን ደስ ይለናል፣ እማማ ከፈቀዱ ብቻ።